ሆን ብላ ሳትገጭ ለምን ወጣች?

ጥያቄ፦ ሆጤ ሜዳ ኳስ እያየሁ ያደግሁ የደሴ ልጅ ነኝ። አሁን በስልኬ ሶፍትቦል (ቤዝቦል መሰል በዱላ እየመቱ የሚሮጡበት ጨዋታ) ማየት ለምጃለሁ። ሯጯ (ከመቺው ቡድን፣ ከቤዝ ወደ ቤዝ የምትሮጠው)፣ ተመቶ መሬት ለመሬት የመጣ ኳስ ልታነሳ ያጎነበሰችን ተከላካይ ገጨቻት። ዳኛው ወዲያው አስወጣት («አውት» አላት፣ ሩጫዋ አበቃ)። ሆን ብላ አይደለም እኮ! ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ ነው ወንድሜ። የተመታ ኳስ ልትይዝ ለተዘጋጀች ተከላካይ መንገድ መልቀቅ የሯጯ ግዴታ ነው፤ ዳኛው ሐሳቧን አይመረምርም፣ መነካካትም የግድ አይደለም፣ ፊቷ ተደንቅራ ብታሰናክላት ይበቃል። ጨዋታው እዚያው ይቆማል፣ ሯጯ ትወጣለች። ሁለት ሰው የሚያስወጣ ግልጽ ዕድል አክሽፋ ከሆነ ደግሞ ከቡድኗ ሌላም ሰው ሊወጣ ይችላል። ተከላካይ ለጓደኛዋ የወረወረችው ኳስ ላይ ግን ሆን ተብሎ መሆኑ ይታያል። ኳስ ሳትይዝ፣ የተመታ ኳስም ሳታነሳ መንገድ የምትዘጋ ተከላካይ ካለች ጥፋቱ የእሷ ነው፣ ይሄንንማ ብዙ ተመልካች ይረሳዋል።