ጠቆረ፣ ጠቆር አለ፣ ሳይጠቁር ቀረ

ጥያቄ፦ የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪ ነኝ። የጡንቻ ክሮችን በኢንዛይማቸው የምንለይበትን ዘዴ ለጓደኞቼ በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። «ናሙናውን ቀለም መቀባት» ልበል ወይስ «ማቅለም»? ውጤቱንስ «ክሩ ጥቁር ነው» ብዬ ብጽፍ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ለዚያውም ትልቅ ችግር። ግን መጀመሪያ «መቀባት» ላይ ልቆይ።

«ቀባ» የግእዙ «ቀብአ» ነው። ንጉሥ ይቀባል፣ ግድግዳ ይቀባል፣ ፀጉርም ቅቤ ይቀባል። «ቅቤ» ራሱ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። በሁሉም ቦታ አንድ ነገር ከውጭ ይመጣና ላይ ላዩን ያርፋል። «ቀለም» ደግሞ ከሩቅ የመጣ ቃል ነው። የግሪኩ «ካላሞስ» ሸንበቆ ማለት ነው። ሸንበቆው መጻፊያ ሆነ። ዓረቦች «ቀለም» ሲሉ አሁንም መጻፊያውን ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ስሙ ወደሚጻፍበት ፈሳሽ ዞረ። «ብዕር»ም በግእዝ «ብርዕ» ነው፤ እሱም ሸንበቆ ነው። ለጥያቄዎ ይህ ሁሉ ባያስፈልግም ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አሁን ወደ ናሙናው። በኤቲፒኤዝ ዘዴ (ኤቲፒኤዝ የሴሉን የኃይል ምንጭ ኤቲፒን የሚሰነጥቅ ኢንዛይም ነው) ማንም ምንም አይቀባም። ናሙና ማቆያው ፎርማሊን ኢንዛይሙን ስለሚገድለው ጡንቻው በፍጥነት በረዶ እንዲሆን ይደረግና በስሱ ይቆረጣል። ከዚያ ኤቲፒና ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። ክሩን የሚያኮማትረው ፕሮቲን ማዮሲን (ኢንዛይሙም እሱው ነው) ኤቲፒውን ሲሰነጥቅ ፎስፌት ይለቀቃል፤ ካልሲየሙም እዚያው ይይዘዋል። ቀጥሎ ኮባልት የካልሲየሙን ቦታ ይወስዳል። በመጨረሻ አሞኒየም ሰልፋይድ ሲጨመር ጥቁር ኮባልት ሰልፋይድ ይሆናል። እንግዲህ ጥቁረቱ የመጣው ከክሩ ሥራ ነው። ኢንዛይሙ ካልሠራ ጥቁረት የለም።

ስለዚህ «ማቅለም» ይበሉ። «አቀለመ» ባለቀለም አደረገ ማለት ነው፤ ቀለሙ በምን መንገድ እንደመጣ አይወስንም። «ማቅለም የጨርቅ ነካሪዎች ቃል ነው፤ ለሳይንስ አይመጥንም» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ነካሪ ቀለም ጨርቁ ውስጥ እንዲገባ ይፈልጋል፤ ቀቢ ግን ላዩ ከተሸፈነለት ይበቃዋል። ለላቦራቶሪ የሚቀርበው የትኛው ነው? እርግጥ ነው፣ ብዙ ሰው «ቀለም መቀባት» ይላል፤ «ስቴይን ማድረግ» የሚለውም አይጠፋም። ልማዱ ቀድሞኛል፤ መልሼ የማመጣው አይመስለኝም። እኔ ግን አልጽፈውም።

«ክሩ ጥቁር ነው» የሚለው ግን የጣዕም ጉዳይ አይደለም። ሰው ያሳስታል። ፈረንሳዊው ሉዊ ራንቪዬ ቀይ ጡንቻ ቀስ ብሎ፣ ነጭ ጡንቻ ደግሞ ፈጥኖ እንደሚኮማተር ያሳየው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። የዶሮ ታፋና ደረት ሲገነጠሉ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። እዚያ ላይ «ቀይ» የሥጋው መልክ ነው፤ ቅጽሉ ቦታውን ይዟል። በማይክሮስኮፑ መስታወት ላይ ግን መልኩ እንደ ፈሳሹ ፒኤች፣ ማለትም እንደ አሲድነቱ መጠን፣ ይገለባበጣል። በፒኤች 9.4 የሚጠቁረው ፈጣኑ ክር፣ ማለትም ዓይነት 2፣ ነው። ናሙናው አስቀድሞ በፒኤች 4.3 ከተዘፈዘፈ ግን የዓይነት 2 ኢንዛይም ይሞታል፤ የሚጠቁረውም ዘገምተኛው ዓይነት 1 ይሆናል። ያው ክር ነው! ታዲያ የትኛውን ነው «ጥቁር ክር» የምንለው?

መፍትሔው ግሱ ውስጥ አለ። «ጥቁር» የነገሩን ጠባይ ይናገራል፤ «ጠቆረ» ግን የደረሰበትን። የክሩን ስም በቁጥር ይጥሩ፣ የሆነውን በግስ ይንገሩ፣ ፒኤቹንም አይርሱ።

አማርኛ እዚህ ላይ ያለውን ሀብት ይመልከቱ። ተመራማሪዎቹ ብሩክና ካይዘር በ1970 እ.ኤ.አ. በፒኤች 4.6 አካባቢ ዓይነት 2ን ለሁለት ከፈሉት፤ 2ኤ ፈዞ ይቀራል፣ 2ቢ መሃል ላይ ይውላል። ለዚህ መሃል ሌላ ቋንቋ መለኪያ ቃል ያክልበታል። እኛ «ጠቆር አለ» ብለን እንጨርሳለን።

«ነጣ» ግን አይበሉ። የነጣ ነገር የነበረውን መልክ ያጣ ነው፤ 2ኤ ያጣው መልክ የለም። እንዲህ ይጻፉ፦ «በፒኤች 4.6 ዓይነት 1 ጠቁሯል፣ 2ቢ ጠቆር ብሏል፣ 2ኤ ሳይጠቁር ቀርቷል።»