ክርንህን ከመንካትህ በፊት አቋቋምህን እይ

ሰላም ወንድሜ። «ፑል ስጫወት ቀላል ቀጥታ ምት እንኳ እስታለሁ፣ ክርኔ ወደ ውጭ ይወጣል ይሉኛል፣ ከጎኔ ጋር ላጣብቀው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አታጣብቀው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚሁ ጋር ስታገል ከርሜያለሁ።

እኔም እንዳንተ በቀኝ እጄ ነው የምመታው። ክርኔን ወደ ጎድኔ ስጨምቀው ለሦስት አራት ምት ይቀናል፤ ጨዋታው ሲከር ተመልሶ ይወጣል። ትከሻዬ ማታ ማታ ያመኝ ጀመር። አንድ ቀን ስልኬን ከኋላዬ የለስላሳ ሳጥን ላይ አቁሜ ራሴን ቀረጽኩ። ቪዲዮውን ሳየው ክርኔ ምንም ጥፋት የለበትም! ቀኝ እግሬ ከምቱ መስመር፣ ማለትም ነጩ ኳስ ከሚሄድበት ቀጥታ መስመር፣ አልፎ ወደ ቀኝ ወጥቷል፤ ዳሌዬ ስቲኩ (የመምቻው ዘንግ) የሚያልፍበት ቦታ ላይ ተገትሯል። እጄ ዳሌዬን ለመዞር ሲል ነው ክርኔን የሚገፋው።

ስለዚህ ሳትጎነበስ መስመሩን ቆመህ እይ። ቀኝ እግርህን እዚያው መስመር ላይ አድርግ፣ ጣቶቹን ትንሽ ወደ ውጭ አዙር፣ ግራውን ወደ ፊትና ወደ ጎን አውጣ፣ ከዚያ ዝቅ በል። ዳሌህ ራሱ ገለል ይልልሃል። ከኋላ የሚያይህ ሰው ትከሻህ፣ ክርንህ፣ የእጅህ አንጓና ስቲኩ በቱምቢ የተለኩ ይመስል አንድ መስመር ላይ ሊያያቸው ይገባል። ከጎን ሲታይ ደግሞ የስቲኩ ጫፍ ነጩን ኳስ ሊነካ ሲል ከክርንህ በታች ያለው ክንድህ ወደ መሬት ቀጥ ብሎ ይንጠልጠል። ካልሆነ የምትይዝበትን ቦታ ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ አዛውር። ቁመትህን ስለማላውቅ ስንት ጣት እንደሆነ ልነግርህ አልችልም።

አያያዝህን አላላ። አውራ ጣትህ ሲጨመቅ አንጓህ ይጣመማል፣ የቀረው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ትከሻህም ነጩ እስኪሄድ አይንቀሳቀስ።

ለመፈተን ነጩን ብቻውን መሃል ላይ አስቀምጥና የጠረጴዛውን ርዝመት ተከትለህ ወደ ማዶው ጠርዝ በቀስታ ምታው። ተመልሶ የስቲክህን ጫፍ ቢነካ መሃሉን መትተሃል። ቀጥ ብሎ ሄዶ ሲመለስ ወደ ቀኝ ካጋደለ ቀኝ ጎኑን ነክተኸዋል። ገና ሲነሳ ከሳተ ግን ችግሩ አቋቋምህ ወይ አነጣጠርህ ነው። ሌላው ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ስቲኩን በአፉ ማስገባትና ማውጣት ነው። የስቲክ ጫፍ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሚተርፈው ክፍተት ጥቂት ነው፤ ክንድህ ትንሽ ሲዞር ጠርሙሱ ቀጭ ይላል። እኔ በየቀኑ ከጨዋታ በፊት 20 ጊዜ እሠራዋለሁ።

አሜሪካዊው የፑል ተጫዋች ኪት ማክሪዲ ክርኑን ወደ ጎን አውጥቶ እየመታ ትልልቅ ተጫዋቾችን አሸንፏል የሚልህ ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን እሱ ያንን ምት በየጊዜው ሳይለዋውጥ ይደግመው ነበር። የአንተ ክርን ዛሬ ወጥቶ ነገ የሚገባ ከሆነ መንገዱ ለአንተ አይሆንም።

ዛሬ ማታ ከኋላህ ተቀረጽና እዚህ ላክልን። ቀኝ እግርህና ክርንህ በአንድ ላይ ይታዩ፤ አይቼ እነግርሃለሁ።