«የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ» ለኛ ልጅ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። እህቴ 12ኛ ክፍል ጨርሳ አሪፍ ውጤት አምጥታለች፣ ሃሳቧ ኢንጂነሪንግ ነው። አሜሪካ ያለው ያጎታችን ልጅ ኖርዝ ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲ የሚባል የመንግስት ዩኒቨርሲቲ አፕላይ ታድርግ አለን። አባታችን ግን የጥቁሮች ትምህርት ቤት መሆኑን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፣ ለብቻ ከተለየማ ደረጃው ዝቅ ያለ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ደሞ አንድ ደላላ አድሚሽን ላስጨርስላችሁ ብሎ ብር ጠይቆናል። ትምህርት ቤቱ ምን አይነት ነው? እነማን ይማሩበታል? እሷስ ትገባለች?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ውጤቷ ካለ ትገባለች። በሩ ላይ ዘርህ ምንድነው የሚል የለም። «ታሪካዊ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ» የሚለው ስም ከ1964 በፊት ጥቁሮችን ለማስተማር ለተመሰረቱት በህግ የተሰጠ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው)፣ 100 አካባቢ ናቸው፣ ግማሽ ያህሉ የመንግስት። ነጩም ላቲኖውም ከውጪ የሄደውም ይማርባቸዋል።

የአባታችሁን ነገር ግን እንዲሁ ላልፈው አልችልም። ሀረማያ ዩኒቨርሲቲን ያውቁታል አይደል፣ በ1950ዎቹ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር መጥተው ያቋቋሙት ኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም የሚባል የአሜሪካ ኮሌጅ ሰዎች ናቸው፣ ይሄ የኦክላሆማው ኮሌጅ ደሞ የ1862ቱ የአሜሪካ ህግ ፍሬ ነው፣ የፌዴራል መንግስቱ ለየስቴቱ መሬት ሰጠ፣ እሱ እየተሸጠ እርሻና መካኒክ የሚያስተምሩ ኮሌጆች ተሰሩ። በደቡብ ያሉት ግን ጥቁር አያስገቡም ነበር። በ1890 ሁለተኛ ህግ ወጣና ወይ አስገቧቸው ወይ ሌላ ክፈቱላቸው ተባለ፣ ኖርዝ ካሮላይና ሌላ መክፈቱን መረጠችና በ1891 ይሄ ኮሌጅ ተመሰረተ፣ ግሪንስቦሮ ላይ የራሱን ግቢ እስኪያገኝ ድረስ ራሊ ከተማ ሌላ ኮሌጅ ውስጥ ተጠግቶ ነበር የሚያስተምረው። የተለየው እንግዲህ እንዲህ ነው፣ በር ተዘግቶባቸው። ከዛ በኋላም በጀቱ እኩል አልሆነም፣ በ2023 የአሜሪካ የትምህርትና የእርሻ ሚኒስትሮች ለ16 ስቴት ገዢዎች ደብዳቤ ጽፈው ለነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ሊሰጥ ሲገባው ያልተሰጠውን አስልተው አሳይተዋል፣ የዚህ ብቻ በ30 ዓመት ውስጥ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ነው።

በዛ በጀት ማንን እንዳወጣ ደሞ ለአባታችሁ ንገራቸው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 ነው፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሆኑ አራት ልጆች፣ ኢዜል ብሌር፣ ዴቪድ ሪችመንድ፣ ፍራንክሊን ማኬይንና ጆሴፍ ማክኒል፣ ግሪንስቦሮ ዉልዎርዝ የሚባል ሱቅ ገቡ። የጥርስ ሳሙናና እንዲህ ጥቃቅን ነገር ገዝተው ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ከዛ እዛው ሱቅ ውስጥ ያለው የምሳ ባንኮኒ ላይ ተቀምጠው ቡና ጠየቁ። ለጥቁር አንሸጥም ተባሉ። ለሳሙናው ገንዘባችንን ተቀብላችሁ ለቡናው እንዴት ትከለክሉናላችሁ ብለው ሱቁ እስኪዘጋ ከመቀመጫቸው አልተነሱም። በማግስቱ ሌሎች ተማሪዎች መጡ፣ ሳምንቱ ሳያልቅ በመቶ የሚቆጠሩ ሆኑ፣ ነገሩ ወደሌሎች ከተሞች ተዛመተና ባንኮኒው በዛው ዓመት ጁላይ ላይ ለጥቁርም ከፈተ። መንገደኛ ሳይቀር ቡና ጀባ በሚባልበት በኛ በወሎ ቡና መከልከል ምን ማለት እንደሆነ ለአባታችሁ ማስረዳት አያስፈልግም። ዛሬ የአራቱ ሃውልት ግቢው ውስጥ ቆሟል።

እህትህን ደሞ የሮናልድ ማክኔርን ታሪክ አውራት። ሳውዝ ካሮላይና በ9 ዓመቱ ላይብረሪ መጽሐፍ ሊዋስ ሄዶ ለጥቁር አናውስም ተባለ፣ አልሄድም ብሎ ቁጭ አለ፣ ፖሊስ ሁሉ ተጠርቶ በመጨረሻ መጽሐፉን ይዞ ወጣ። በ1971 ከዚህ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ተመረቀ፣ ዶክትሬቱን ኤምአይቲ የሚባለው ስመ ጥር የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሰራ፣ በ1984 ህዋ ሄደ። በ1986 ቻሌንጀር በምትባለው የህዋ መንኮራኩር አደጋ ነው የሞተው። እንደዚህ አይነት ልጅ ያፈራ ግቢ ደረጃው ዝቅ ያለ ሲባል እኔ ያመኛል።

አሁን ከ13 ሺህ በላይ ተማሪ አለው፣ ከታሪካዊ የጥቁር ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ በተማሪ ብዛት አንደኛ ነው። አብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ ከግማሽ በላዩ የዛው የኖርዝ ካሮላይና ልጅ፣ ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበዛሉ። ጥቁር ኢንጂነሮችን በማስመረቅ በአገሪቱ ከፊት የሚጠራ ነው፣ ስለዚ ያጎታችሁ ልጅ ዝም ብሎ አልመከረም።

የሚከብደው ብሩ ነው። የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ማለት እንደኛ አገር አይደለም፣ የስቴቱ ነዋሪ በቅናሽ ይከፍላል፣ ከውጪ የመጣ ግን በጣም ብዙ፣ የፌዴራል የትምህርት እርዳታም ለውጪ ተማሪ የለም። ኮሌጁ ለቪዛ የሚሆን አይ 20 የሚባለውን ወረቀት ከመስጠቱ በፊት የአንድ ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ እንዳላችሁ በባንክ ማስረጃ አሳዩ ይላል። ሰርታ እከፍላለሁ ካለች ደሞ ግቢ ውስጥ ብቻ፣ በትምህርት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም። ስለዚ ስኮላርሺፕ ካላገኘች እዛው ስቴት ያሉትን ኤልዛቤት ሲቲ ስቴትና ፋየትቪል ስቴትን እዩአቸው፣ ሁለቱም የመንግስት ታሪካዊ የጥቁር ዩኒቨርሲቲ ናቸው፣ ከስቴቱ ውጪ ለመጣ ተማሪ የትምህርት ክፍያው በሴሚስተር 2,500 ዶላር ነው፣ ዶርምና ምግብ ለብቻ ይታሰባል። ኢንጂነሪንጉ እንደ ኤ ኤንድ ቲ አይሆንም፣ ኤልዛቤት ሲቲ ግን አቪዬሽን አለው፣ ብትጠይቅ ጥሩ ነው።

ለደላላው ሳንቲም እንዳትሰጡ። ፎርሙን ራሷ ዩኒቨርሲቲው ዌብሳይት ላይ ነው የምትሞላው፣ የማመልከቻ ክፍያውም እዛው ነው የሚከፈለው፣ ትራንስክሪፕቷንና እንደ ቶፍል ያለ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ታዘጋጅ። ያልገባት ካለ አድሚሽን ቢሮውን በኢሜይል ትጠይቅ፣ ይመልሳሉ።