አዲስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅና ፍርሃቱ፦ ጥያቄና መልስ

የምክር መምህር፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ ሥራዬ ተማሪዎችን ማማከር ነው። ዓመቱ በተጀመረ ቁጥር ቢሮዬ የሚበዙት ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውረው የመጡ ልጆች ናቸው። ጠይቁኝ፤ ግን በዝርዝር ይሁን። ከወዲሁ አንድ ማሳሰቢያ፦ ማንም ከፋርማሲ በራሱ ኪኒን ገዝቶ ለልጅ እንዳይሰጥ።

ዘጠነኛ ሲ፦ ቲቸር፣ ስምንተኛን የጨረስኩት ሰፈራችን ነው። ዘጠነኛ የገባሁበት ትምህርት ቤት ውስጥ አንድም የማውቀው ሰው የለም። ክፍል ስገባ ሁሉም የሚያዩኝ ይመስለኛል። ዩኒፎርሜ አዲስ ነው፣ ጫማዬ ግን አርጅቷል። ዴስኬ ጋ እስክደርስ እግሬ ይተሳሰራል።

የምክር መምህር፦ እንዲህ ነው ጥያቄ። በር ላይ ስትደርስ ዓይንህ ክፍሉን ያይ እንጂ ልብህ ያለው ጫማህ ላይ ነው። ሰው ሲፈራ ትኩረቱ ወደ ራሱ ይዞራል። ፊቴ ቀላ? እጄ ተንቀጠቀጠ? ይላል። ውስጡ የሚሰማው ሁሉ ለሰው የሚታይ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት አለ። አሜሪካ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የሚያሳፍር ቲሸርት አልብሰው ሌሎች ወደተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸው። ለባሾቹ ግማሽ ያህሉ ሰው እንዳየባቸው ገመቱ። ልብ ያለው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። በአንተ ዕድሜ ደግሞ ይብሳል፤ ዴቪድ ኤልካይንድ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1967 እንደጻፈው ጎረምሳ ራሱ በምናቡ የፈጠረው ተመልካች ፊት የሚኖር ይመስለዋል። አጠገብህ ያለውም ልጅ የራሱ ጭንቀት አለበት።

ነገ እንዲህ አድርግ። ከሰልፍ በፊት ድረስ፤ ባዶ ክፍል መግባት ሌላ ነው፣ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ መግባት ሌላ። ስትገባ ለዓይንህ ሥራ ስጠው፦ ሰሌዳው ላይ ምን ሳይጠፋ ቀረ? መስኮቱ ሥር ማን ተቀምጧል? ዋናው ነገር ግን መከለያዎችህን መተው ነው። ኮፍያ መድፋት፣ ስልክ ላይ ማቀርቀር፣ የማታነበውን ደብተር መግለጥ፣ የምትናገረውን ደጋግመህ በልብህ መለማመድ፣ እነዚህ ለጊዜው ያሳርፋሉ። ቀኑ በሰላም ሲያልፍ ግን «ስላቀረቀርኩ ነው የተረፍኩት» ትላለህ፤ ቀና ብትልም ምንም እንደማትሆን ሳታውቀው ሴሚስተሩ ያልቃል። በዚያ ላይ ክፍሉ «ይሄ ልጅ ይኮራል» ብሎ ይተውሃል። ሁሉንም ባንዴ አትተው። አንዱን ምረጥና ለአንድ ሳምንት ሞክረው።

ብሩክ ቀን፦ እኔም ጭንቀት አለብኝ፣ ምን ላድርግ?

የምክር መምህር፦ የት? መቼ? ማን ፊት? እንዲህ ተብሎ መልስ አይሰጥም።

የሃያት እናት፦ መምህር፣ ልጄን ከግል ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት አዛወርኳት፣ ሰባተኛ ክፍል ነች። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሆዴን ትላለች፣ ታስመልሳለች። ቤት ስትቀር ረፋዱ ላይ ይሻላታል። እያስመሰለች ይሆን?

የምክር መምህር፦ አይደለም እናቴ፣ ሕመሙ እውነተኛ ነው። ፍርሃት ሆድ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ሐኪም ይይልዎት፣ ሌላ በሽታ አለመኖሩ ይረጋገጥ። ከዚያ በኋላ ግን ቤት አያስቀሯት። ሰኞ ስትቀርና ሆዷ ሲሻላት አእምሮዋ የተማረው «መቅረት መድኃኒት ነው» የሚለውን ነው፤ ማክሰኞ ፍርሃቱ ጨምሮ ይመጣል። ሙሉ ቀን ካቃታት ከሆምሩም መምህሯ ጋር ተነጋግረው የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ብቻ፣ ቀጥሎ እስከ እረፍት፣ እያሉ ያሳድጉላት። መቆጣትም መለመንም አይረዳም። «ሆድሽን እንደሚያምሽ አውቃለሁ፣ በር ድረስ አብሬሽ እሄዳለሁ» ይበሏትና ይሂዱ። በር ላይ ስንብቱን አያስረዝሙት።

የድሮ ተማሪ፦ በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። በባዶ እግር ሁለት ሰዓት ተጉዘን ነበር የምንማረው። ልጆቹን ያቀበጥናቸው እኛ ነን።

የሃያት እናት፦ ጋሼ፣ በእርስዎ ጊዜ እየፈራ ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ አልነበረም? ማን ቆጠረው?

ገርጂ፦ ችግሩ ከግል ማውጣቱ ነው። የመንግሥት ክፍል ውስጥ መምህሩ የልጁን ስም እንኳን አያውቅም።

አንድ መምህር፦ የመንግሥት መምህር ነኝ፣ የተማሪዎቼን ስም አውቃለሁ። የግሉ ጋ በክፍያ ስንቱ ልጅ እንደሚሸማቀቅ ለምን አታነሳም?

ገርጂ፦ ቢያንስ እዚያ እንግሊዝኛ ይችላሉ።

የምክር መምህር፦ ስለ ግልና መንግሥት ሌላ ቀን ተከራከሩ። ልጅ ሁለቱም ጋ ይፈራል። ቀጣይ።

ማርቆስ፦ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ አጎቴ ጋ መጥቼ አሥረኛ ገባሁ። ስናገር ቃሌን እየደገሙ ይስቃሉ። አሁን መምህር ሲጠይቀኝ እያወቅኩ ዝም እላለሁ። አነጋገሬን ልቀይር?

የምክር መምህር፦ አትቀይር። ዝምታው ግን ያሳስበኛል፤ እሱም መከለያ ነው። ለዘጠነኛ ሲ የጻፍኩትን አንብብ። ሁለት ዓይነት ሳቅ አለ። አዲስ ነገር የሰማ ልጅ ይስቅና በወሩ ይለምደዋል። አንተን ለማሳነስ የሚስቅ ግን አይተውም፤ እሱን ለሆምሩም መምህርህ ወይም ለዩኒት ሊደሩ ንገር፣ ይህ ማሳበቅ አይደለም። በቀን አንድ ጊዜ እጅህን አውጣ፤ መልሱን እርግጠኛ በሆንክበት ትምህርት ጀምር። ቦታ ካለ ሚኒ ሚዲያ ግባ። ማይክሮፎን ላይ ሲሰሙህ ድምፅህን ይለምዱታል።

ሊያ፦ ጓደኛዬ ፕረዘንቴሽን ሲኖራት ፕሮፕራኖሎል የሚባል የልብ ኪኒን ትወስዳለች፣ ልብ አያስደነግጥም አለችኝ። እኔም ልውሰድ?

የምክር መምህር፦ አትውሰጂ። መግቢያው ላይ የጻፍኩት ለዚህ ነበር። አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይቀንሳል። ሐኪም መርምሮ ካላዘዘ አይወሰድም። ለጓደኛሽም ንገሪያት።

እማ ማኅሌት፦ የምትፈራ ልጃችንን ጸበል ብንወስዳትስ?

የምክር መምህር፦ ይውሰዷት። ትምህርቷን ግን አያቋርጡባት።

ቨርጂኒያ፦ ልጄ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ከመጣ አራት ወሩ ነው፣ አሥረኛ ክፍል ገብቷል። ምሳ ሰዓት መጸዳጃ ቤት ተቀምጦ እንደሚያሳልፍ ነገረኝ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ትምህርት ቤቱን ለማነጋገር ፈራሁ።

የምክር መምህር፦ እህቴ፣ አሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለወላጅ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ክፍያ የለውም። የአማርኛ አስተርጓሚ ብለሽ ጠይቂ፤ ልጁ ራሱ እንዲያስተረጉምልሽ አታድርጊ። ካውንስለሩን አግኝተሽ ስለ ምሳ ሰዓቱ ብቻ ተነጋገሩ፤ ከአንድ ልጅ ጋር እንዲያቀምጡት፣ ወይም ምሳ ሰዓት የሚሰበሰብ ክበብ ካለ እንዲያስገቡት። አንድ ወዳጅ ለጊዜው ይበቃዋል።

ኤደን፦ ክፍል ስገባ ሁሉም የሚያየኝ ይመስለኛል፣ ምን ላድርግ?

የምክር መምህር፦ ከላይ በሰፊው መልሻለሁ፣ እባክሽ አንብቢው።

ብሩክ ቀን፦ ይቅርታ ቲቸር፣ አሁን በዝርዝር ልጠይቅ። ከተዛወርኩ ጀምሮ ሌሊት አልተኛም፣ ምግብ አይበላልኝም። አንዳንዴ ባልኖር ይሻላል ብዬ አስባለሁ።

የምክር መምህር፦ ብሩክ፣ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ። ቅድም በአጭሩ የመለስኩልህን ተወው። ይህን ዛሬውኑ ለእናትህ፣ ለአባትህ ወይም ለምታምነው ትልቅ ሰው ንገር፣ ብቻህን አትሁን። ነገ ጠዋት አብረውህ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ራስህን ለመጉዳት ካሰብክ ግን ነገን አትጠብቅ፣ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። አማኑኤል የሚለውን የአእምሮ ሆስፒታል ስም ሰው ይፈራዋል፤ እዚያ መሄድ አያሳፍርም፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎችም አሉ። አሁን ቤት ማን አለ? ጻፍልኝ።

ብሩክ ቀን፦ ታላቅ እህቴ አለች።

የምክር መምህር፦ ስልኩን ስጣት፣ የጻፍከውን ታንብበው። እዚሁ እየጠበቅኩ ነው።

ብሩክ ቀን፦ እህቱ ነኝ። አነበብኩት። አጠገቡ ነኝ፣ ጠዋት ይዤው እሄዳለሁ።

የምክር መምህር፦ ዛሬ ሌሊት ብቻውን አይደር። ሐኪሙ ጋ ስትገቡ የጻፈውን እንዳለ አሳዪው። የሌሎቻችሁን ጥያቄ ነገ ማታ እመልሳለሁ።