«ሞተሩን ከተወማ ሞቷል»

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጁ፣

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። እጮኛዬ ኮምቦልቻ ይሠራል፤ በሞተር ይመላለሳል። ባለፈው እሁድ ቤት ቡና አፍልቼ «ዘ ባይክራይደርስ» የሚባለውን ፊልም አብረን አየን። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቺካጎ አካባቢ ስለነበረ የሞተረኞች ቡድን ነው። ታሪኩን የምትነግረን የአንዱ ሞተረኛ ሚስት ካቲ ናት።

ፊልሙን ሁለታችንም ወደድነው፤ ግን የተለያየ ፊልም ያየን ነው የሚመስለው። እሱ ሞተሮቹ ተሰልፈው ሲወጡ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። የእኔ ዓይን ካቲ ላይ ነው። ባሏ ቤኒ የቡድኑን ጃኬት አላወልቅም ብሎ መጠጥ ቤት ውስጥ ሲደበደብ፣ እግሩን ሊያጣ ሲደርስ፣ ሐኪም ቤት የምጠብቀው እኔ መሰለኝ።

መጨረሻ ላይ ቤኒ ሞተሩን ትቶ መካኒክ ሆኗል። ከሩቅ የሞተር ድምፅ ይሰማል፤ እሱ ዝም። እኔ «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። እጮኛዬ ግን «ሞተሩን ከተወማ ሞቷል» አለኝ። ተጨቃጨቅን። በረካውን ሳይጠጣ ተነሳ። መሽቷል፣ ጉሙ ወርዷል፣ እሱ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው በሐረጎ ቁልቁለት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስንደዋወል ስለ ዝናብ ብቻ ነው የምናወራው። ወይ ሞተሩን ወይ እኔን ምረጥ ልበለው?

ሐሳብ የገባኝ፣ ከደሴ

መልስ

እታለም፣ እንዲህስ አትበይው።

ፊልሙን አይቼዋለሁ። ዳይሬክተሩ ጄፍ ኒኮልስ የተነሳው ፎቶ አንሺው ዳኒ ላየን እ.ኤ.አ. በ1968 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ላየን ከሞተረኞቹ ጋር እየነዳ ፎቶ ያነሳ፣ ድምፅም ይቀዳ ነበር። በፊልሙ ካቲ የምታወራው ለእሱ ነው። ዓይንሽ እሷ ላይ ማረፉ ትክክል ነው።

ያንን ቡድን ሞተር አላፈረሰውም። መሪው ጆኒ ልጆች ያሉት፣ የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ነው። ቦታውን የሚፈልግ ሲመጣ «በቡጢ ወይስ በቢላ?» ብሎ ይጠይቃል። በኋላ ግን አንድ ጎረምሳ በቢላ ብሎ ቀጥሮት በሽጉጥ ገደለው። ቡድኑ ያለቀለት የገዛ ሕጉን የማያከብር ትውልድ ሲገባበት ነው።

አሁን ያንቺን ጉዳይ። ጆኒ ቤኒን «ቡድኑን ተረከበኝ» ይለዋል። ካቲ «ተወው» ትለዋለች። ሁለቱም ጎተቱት፤ እሱ ሁለቱንም ጥሎ ጠፋ። የተመለሰው ጆኒ ከሞተ በኋላ ነው። ያኔ ሚስቱ ፊት አለቀሰ። ያቺን ቦታ ሁለት ጊዜ መልሼ አየኋት። ምረጥ የተባለ ሰው መንገዱን ብቻ ሊመርጥ ይችላል።

ደግሞ ያንቺው ሰው የቡድን ጃኬት የለውም። ሞተሩ ወደ እንጀራውም ወደ አንቺም የሚያመጣው ነው። የሚያስፈራሽ ሐረጎ ነው፤ ጉሙ፣ ጠመዝማዛው፣ ከፊት ድንገት ብቅ የሚለው ሲኖትራክ። እሱን ጠይቂው። «ጉም ሲወርድ ሞተሩን እኛ ግቢ አሳድረህ በአባዱላ ውረድ» በይው። ይህን እሺ ለማለት ራሱን መካድ አያስፈልገውም። «ሞቷል» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነም ጠይቂው፤ ሳታቋርጪ ስሚው።

እሁድ ቡናውን አፍይ። በረካው ተጠጥቶ ሲነሳ ሄልሜቱን ከክንዱ ተቀበዪና አንቺው አጥልቂለት። ማሰሪያውንም እሰሪለት።