ልጆች እየተራቡ ወደ ማርስ ለምን?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉልኝ፣ አምድዎ አምልጦኝ አያውቅም ግን ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ትምህርት ቤት አንድ አሳማኝ ጽሑፍ መርጣችሁ ተንትኑ ተባልንና እኔ የስቱሊንገርን ደብዳቤ መረጥኩ። ለማያውቁት አንባቢዎች ባጭሩ ልበል፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ዛምቢያ ውስጥ የምታገለግል ሲስተር ሜሪ ጁኩንዳ የምትባል መነኩሲት ናሳ (የአሜሪካ የህዋ ምርምር ተቋም) ለሚሰራው ሳይንቲስት ለኤርነስት ስቱሊንገር ደብዳቤ ላከችለት፣ ምድር ላይ ይሄ ሁሉ ህፃን በረሃብ እያለቀ ሰው ወደ ማርስ ለመላክ ቢሊዮን ዶላር ይውጣ ማለት እንዴት ይቻልሃል ብላ ነው የጠየቀችው፣ እሱም ረጅም መልስ ጻፈላት። ችግሬ ምን መሰለዎት፣ ሶስቴ አነበብኩት ሶስቴም አሳመነኝ፣ ታዲያ ምኑን ነው የምተነትነው? ጓደኛዬ ደግሞ "ይሄማ ሀብታም ራሱን ሲያፅናና ነው" ብላ ዘጋችኝ። ማናችን ነን ልክ? (ግራ የገባኝ ተማሪ)

መልስ፦ እህቴ፣ መሳመንሽ ችግር አይደለም፣ እንዲያውም ለስራው ጥሩ መነሻ ነው። ተንትኚ ስትባዪ አፍርሺው እየተባልሽ አይደለም እኮ፣ የቱ ጋ እጅ እንደሰጠሽ ፈልጊ ነው የተባልሽው። አራተኛ ጊዜ ስታነቢው እርሳስ ያዢና "እውነቱን ነው" ያልሽበት መስመር ላይ ሁሉ ምልክት አድርጊ። እኔ እንደዛ ሳደርግ ብዙው ምልክት ያረፈው ማስረጃው ላይ ሳይሆን ታሪኩ ላይ ነበር።

ታሪኩን ታስታውሺዋለሽ፣ ከ400 ዓመት በፊት ጀርመን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚኖር ደግ ባላባት፣ ካለው ላይ ለድሃ የሚሰጥ፣ ከተማዋ ደግሞ ቸነፈር እየተመላለሰ የሚፈጃት። ይሄ ባላባት መስታወት እየሞረደ ሌንስ የሚሰራ አንድ እንግዳ ሰው አገኘና ቤቱ አስገብቶ ያኖረው ጀመር፣ የከተማው ሰው ተቆጣ፣ እኛ በበሽታ እያለቅን እሱ ለዚህ ሰውዬ ጨዋታ ገንዘብ ይበትናል አለ፣ ባላባቱ ግን ለእናንተም አቅሜ የፈቀደውን እሰጣለሁ እሱንም እረዳለሁ ብሎ ፀና፣ በመጨረሻ ከዛ ሁሉ ድካም ማይክሮስኮፕ ወጣ።

አሁን የት ቦታ እንዳስቀመጠው እይልኝ። ስቱሊንገር መጀመሪያ አመሰገናት፣ ለስራዋ ያለውን አክብሮት ነገራት፣ ወደ ማርስ መሄድ ይገባናል ብሎ እንደሚያምን ባጭሩ ነገራት፣ ከዛ ወደ በጀቱም ወደ ማስረጃውም ገና ሳይገባ ታሪኩን አወራላት። አንቺም እኔም እሷም ባላባቱን ወደድነው፣ በከተማው ሰው ላይ ትንሽ ፈገግ አልን፣ ከዛ ነው ነገሩ የሚዞረው፣ ለካ ያ የተቆጣው የከተማ ሰው ጠያቂዋ ራሷ ናት! በትህትና ተቀብሎ በትህትና የተሳሳቾቹ ወንበር ላይ አስቀመጣት፣ እሷም ስታስበው ካልሆነ አይታወቃትም። ይሄን ብቻ በደንብ አድርገሽ ብትጽፊ የአሳይመንትሽ ግማሽ አለቀ።

ግን ታሪኩ ምን ያረጋግጣል? ማይክሮስኮፕን የታሪክ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚያያይዙት በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከነበሩ የሆላንድ መነፅር ሰሪዎች ጋር ነው፣ እሺ ይሄን እንለፈው፣ ምሳሌ ነው እንበል። የቸነፈርን ባክቴሪያ ሰው ለይቶ ያወቀው ግን መቼ ነው፣ በ1894 ሆንግ ኮንግ ውስጥ፣ አሌክሳንደር የርሲን የሚባል ሐኪም ነው። ስለዚህ ያ የከተማ ሰው ሌንሱ እስኪጠቅመው 300 ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረበት ማለት ነው፣ እሱም ልጁም የልጅ ልጁም አልደረሱበትም። ቁጣው ከራሱ አንፃር ስህተት ነበር? እኔ አይመስለኝም። ታሪኩ የሚለው "አንድ ቀን ለአንድ ሰው ይጠቅማል" ነው፣ መነኩሲቷ የጠየቀችው ግን ዛሬ ስለሚሞተው ልጅ ነው። ደግሞ ሌላም አለ፣ ከመዳብ ወርቅ አወጣለሁ የሚሉ ሰዎችን ቤታቸው አስገብተው ዕድሜ ልካቸውን የቀለቡ ባላባቶችም ነበሩ እኮ፣ እነሱን ማንም ምሳሌ አያደርጋቸውም። ያሸነፈውን መርጦ ማውራት ቀላል ነው።

ጠንካራው ቦታ የት ነው ካልሽኝ በጀቱ ጋ ነው፣ ጓደኛሽም የምትሸነፈው እዛ ነው። የዛን ዓመት ለህዋ የተመደበው ከአሜሪካ ጠቅላላ በጀት 1.6 ፐርሰንት ገደማ መሆኑን ስቱሊንገር ለመነኩሲቷ ይነግራታል፣ ቀጥሎ ያቺ ገንዘብ ከህዋ ብትቀነስ ቀጥታ የተራበ ልጅ ጋ ትደርሳለች ማለት እንዳልሆነ ያስረዳታል። ይሄ እውነት ነው፣ ለማለባበስ የተባለ አይደለም፣ የመንግስት በጀት እንደ ቤት ቦርሳ ከአንዱ ኪስ አውጥተሽ ሌላው ውስጥ የምትከቺው ነገር አይደለም። ያው ግን አንድ ነገር ልብ በይ፣ በዚህ ሎጂክ ማንኛውንም ወጪ መከላከል ይቻላል፣ ታንክ የሚገዛውም ሐውልት የሚያቆመውም ይሄንኑ ሊል ይችላል። ስለዚህ ተቃውሞውን ያዳክማል እንጂ የመሄጃ ምክንያት አይሆንም፣ "ብንሄድ ማንንም አንጎዳም" እና "መሄድ አለብን" ለየቅል ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ እኔ አራተኛው ንባብ ላይ ነው የታየኝ። ጥያቄዋ ስለ ምን ነበር? ሰው ወደ ማርስ ስለመላክ። ማስረጃው ስለ ምንድነው? ስለ ሳተላይት! ሰብል ስለሚያይ፣ ድርቅ ስለሚከታተል፣ ዝናብ ስለሚገምት፣ ምድርን ቁልቁል ስለሚመለከት ሳተላይት። ሰውየው እዚህ ላይ ልክ ነበር፣ ሊመሰገን ይገባዋል፣ ታይሮስ 1 የምትባለው የአየር ሁኔታ ሳተላይት በ1960 ሰርታ አሳይታ ነበር፣ ደብዳቤው ከተጻፈ ሁለት ዓመት በኋላ በ1972 ደግሞ ምድርን ከላይ የምትቃኘው ሳተላይት ላንድሳት 1 ወጣች፣ ዛሬ ድርቅን ከላይ ሆኖ መከታተል የዘወትር ስራ ነው። ግን ለዚህ ማርስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ ከምድር ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍ ማለት በቂ ነው። "የህዋ ምርምር" የሚለው አንድ ቃል ውስጥ ቢያንስ ሶስት ነገር ተጠቅልሏል፣ ምድርን የሚያዩ ሳተላይቶች፣ ሰው የሌለባቸው የሳይንስ መንኮራኩሮች፣ እና ሰው ይዞ የሚሄድ ጉዞ፣ ወጪያቸውም ጥቅማቸውም አይገናኝም። ጎበዝ ተከራካሪ በአንደኛው ማስረጃ ሶስተኛውን ይሸጥልሻል፣ አንቺም ቃሉ አንድ ስለሆነ ሲቀያየር አታይም።

ለፍትሐዊነት፣ ስቱሊንገር መሀላቸው ድልድይ ሊሰራ ሞክሯል፣ ትልቅና ከባድ ግብ ካልተቀመጠ ወጣቱ ወደ ሳይንስ አይሳብም ቴክኖሎጂውም አይገፋም ይላል። ባዶ ወሬ አይደለም፣ ሰውን ጨረቃ ላይ ያሳረፈው የአፖሎ ፕሮግራም ኮምፒውተር የተሰራው ቺፕ ገና ብርቅና ውድ በነበረበት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ያኔ ፕሮጀክቱ ከትልልቆቹ የቺፕ ገዢዎች አንዱ ነበር፣ ያ ግዢ ኢንዱስትሪውን ረድቶታል። ቢሆንም ከባድ ግብ ማለት የግድ ማርስ ነው ወይ ለሚለው መልስ የለውም፣ አንድን በሽታ ማጥፋትም ከባድ ግብ ነው። ድልድዩ ለኔ ግማሽ ድረስ ያስኬዳል፣ አንቺ ሌላ ልትይ ትችያለሽ፣ ምክንያትሽን ጻፊ እንጂ መምህርሽ በዛ አይጣላሽም።

መጨረሻ ላይ ፎቶ አያይዞላታል፣ አፖሎ 8 በ1968 የፈረንጆች ገና ላይ ጨረቃን እየዞረች ያነሳቻትን የምድር ፎቶ። ይሄንን በስሜት መቀስቀስ ብለሽ አትለፊው። ያ ፎቶ ፕሮግራም ውስጥ አልነበረም፣ ሊያነሱ የሄዱት ጨረቃን ነው፣ ምድር በመስኮቱ ብቅ ስትል ነው ካሜራ ፍለጋ የተሯሯጡት። "ሄደን ካላየን ምን እንደምናገኝ አናውቅም" ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም፣ ደግሞ ሰው ባይኖር ኖሮ ያ ሩጫ አይኖርም ነበር፣ ስለዚህ ለኔ ከደብዳቤው ሁሉ ለሰው ጉዞ በቀጥታ የሚከራከረው ይሄ ፎቶ ነው።

ለጓደኛሽ ደግሞ፣ "ራሱን ሲያፅናና ነው" የሚለው ሰውየውን ነው የሚመታው እንጂ ሙግቱን አይነካውም። የአሜሪካውን ፕሬዝዳንት ኬኔዲን ውሰጂ፣ በሴፕቴምበር 1962 ራይስ ዩኒቨርሲቲ ቆሞ ከባድ ስለሆነ ነው ወደ ጨረቃ የምንሄደው ብሎ ህዝቡን አስጨበጨበ፣ በኖቬምበር ግን ለናሳው ኃላፊ ለጄምስ ዌብ እኔ ህዋ ያን ያህል አያሳስበኝም ሶቪየትን መቅደም ነው ዋናው እንዳለው በድምፅ ተቀድቶ ይገኛል። ይሄን አውቀሽ ንግግሩ ውሸት ነው ልትዪ አትችዪም፣ የትኛውን መስመር አጥብቀሽ መፈተሽ እንዳለብሽ ግን ይጠቁምሻል።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የህዋ ምርምርን ደግፌ ልከራከር ነውና ከህዋ የመጡ የቤት ዕቃዎችን ልዘርዝር አስቤያለሁ፣ ቴፍሎን (መጥበሻ ላይ ምግብ እንዳይጣበቅ የሚቀባው)፣ ቬልክሮ (ጫማና ልብስ ላይ ያለው ተጣብቆ የሚላቀቀው ማያያዣ) ምናምን። ያዋጣኛል? (ተከራካሪው)

መልስ፦ ወንድሜ ሁለቱንም ሰርዝ። ቴፍሎን በ1938 ነው የተገኘው፣ ናሳ ሊቋቋም 20 ዓመት ሲቀረው። ቬልክሮን ያሰበው ጆርጅ ደ ሜስትራል የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነው፣ ያውም ውሻው ላይ የተጣበቀ የእሾህ ፍሬ አይቶ። ናሳ ተጠቀመባቸው እንጂ አልፈጠራቸውም፣ ተቃራኒህ ይሄን ካወቀ ሌላውም ንግግርህ አብሮ ይወድቃል። እውነተኛ ከፈለግክ በ1990ዎቹ የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላብራቶሪ ውስጥ እነ ኤሪክ ፎሰም የሰሩት የካሜራ ሴንሰር አለልህ፣ የዛ ዘር ዛሬ ስልክህ ውስጥ ነው። ግን "ያንን ገንዘብ ቀጥታ ለካሜራ ምርምር ብንሰጠውስ?" ቢሉህ ምን ትላለህ? መልሱን ሳትይዝ እንዳትቀመጥ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዳይኖሰሮችን አስትሮይድ (ከህዋ የመጣ ግዙፍ ድንጋይ) ጨረሳቸው፣ እኛንም እንዳይጨርሰን ማርስ ላይ ከተማ እንስራ የሚለው ሙግትስ? እኔን በጣም ነው የሚያስፈራኝ።

መልስ፦ ፍርሃቱ መሰረት አለው፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሆነ ነገር ነው፣ ጉድጓዱም ሜክሲኮ ውስጥ ቺክሹሉብ አለ። ግን መፍትሄው ከችግሩ ጋር ይመጣጠናል ወይ ብለህ ጠይቅ። በሴፕቴምበር 2022 ዳርት የምትባል ሰው የሌለባት መንኮራኩር ዲሞርፎስ ከምትባል ትንሽ አስትሮይድ ጋር ሆን ተብሎ ተጋጨች፣ አስትሮይዷ ከእሷ የምትበልጥ ሌላ አስትሮይድን አንዴ ለመዞር የሚፈጅባት 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ የነበረው ከ30 ደቂቃ በላይ አጠረ። ጉዳቱን ቀረብ ብላ የምታይ ሄራ የምትባል የአውሮፓ መንኮራኩርም በኦክቶበር 2024 ተወንጭፋለች። የዳይኖሰሩ ሙግት ለእነዚህ ሁለቱ በደንብ ይሰራል፣ ለማርስ ከተማ ግን ሌላ ሙግት ፈልግላት።