ስልኩን አይከልክሏቸው

ጥያቄ፦ ባለቤቴ እኔ ወዳለሁበት አገር ከመጣ ሰባት ወሩ ነው። ከሥራ ገብቶ እስኪተኛ በቴሌግራምና በፌስቡክ ከአገር ቤት ሰዎች ጋር ነው። ቋንቋውን አልለመደም፣ ጎረቤት አያውቅም። ስልኩን አስቀምጥ ስለው እንጣላለን። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አገር የለወጠ ሰው ሁለት ችግር አለበት። አንዱ የልብ ነው፤ ናፍቆትና ብቸኝነት። ሌላው የኑሮ ዘዴ ነው፤ ቋንቋው፣ ሰላምታው፣ የቢሮው አሠራር። ባለቤትዎ በስልካቸው የመጀመሪያውን እያስታመሙ ነው፤ ቢነጠቁ ብቸኝነቱ ይብሳል እንጂ ቋንቋው አይመጣም።

ስለዚህ ከሰዓቱ ይልቅ በሰዓቱ ውስጥ የሚሠራውን ይዩ። ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ራሳቸው ይጻፉት (እርስዎ ከጻፉት ክትትል ይሆናል)፦ ከማን ጋር አወሩ? ሲጨርሱ ቀለላቸው ወይስ ከበዳቸው? ከወንድም ጋር መጨዋወት አብዛኛውን ጊዜ ያቀላል። የሰው ፎቶና የሰው ክርክር ዝም ብሎ ሲያዩ ማምሸት ግን ራስን ከሌላው ማወዳደርን ያመጣል፣ እንቅልፍም ይነሳል። መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው።

በተረፈው ጊዜ ባለቤትዎ አሁን ያሉበት አገር ተወላጆች የሚገኙበት አንድ የቴሌግራም ወይም የፌስቡክ ቡድን ይግቡ፤ አንድ ይበቃል። የሙያ፣ የስፖርት ወይም የሰፈር ቢሆን ይሻላል፤ የጋራ ጉዳይ ያለው ሰው ወሬ አያጣም። ሶሲዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የሥራ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን ከሩቅ ትውውቅ መሆኑን አሳይቷል፤ ወዳጆቻችን የሚያውቁትን አብዛኛውን እኛም እናውቀዋለንና።

የመጀመሪያውን ሳምንት ማንበብ ብቻ። ሰዎቹ እንዴት እንደሚቀልዱ፣ በተለይም እምቢታቸውን በምን ቃል እንደሚገልጹ ልብ ይበሉ፤ ለባዕድ ሰው ብዙ ቅያሜ የሚመጣው ካልገባው እምቢታ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ አጭር ጥያቄ ይጻፉ፤ በትርጉም መተግበሪያ ቢታገዙም ነውር የለውም። በወሩ ውስጥ ከአንዱ ጋር በአካል ይገናኙ። ፊትና ድምፅ የሚነበቡት እዚያ ስለሆነ፣ በጽሑፍ ብቻ የቀረ ልምምድ ግማሽ ነው።

የስደተኞች ቡድንም ቤት ለመፈለግና ለመሳሰለው ይጠቅማል። የመኖሪያ ፈቃድን ጉዳይ ግን ከሚመለከተው ቢሮ ሳያረጋግጡ አይፈጽሙ፤ ለአንዱ የሠራው ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

እርስዎም «ስልኩን አስቀምጥ» ከማለት «ወንድምህ ምን አለ?» ብለው ይጀምሩ። ነገር ግን ባለቤትዎ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከተከዙ፣ እንቅልፍና ምግብ ከራቃቸው፣ ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ። መኖር አልፈልግም ካሉ ግን ቀን ሳይቆጥሩ፣ በዚያው ሰዓት።